ፎሶሊያውን ለልጆቹ ስጧቸው

ልጃችሁ አትክልት ሲያይ ፊቱን የሚያጨፈግግ ከሆነ፣ ገበታ ላይ ከመጨቅጨቅ ቀደም ብላችሁ ወጥ ቤት አስገቡት። የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ፎሶሊያ መስበር አያቅተውም። አጥባችሁ በሳህን አቅርቡለት። ጫፍና ጫፉን በጣቱ ይቀነጥሳል፣ ከዚያ መሃሉን ቀጭ! ቢላ አያስፈልግም። አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ቢሆንም አታስተካክሉበት፤ ወጡ ሲቀርብ የራሱን ስባሪ እየፈለገ ነው የሚበላው።

ፎሶሊያ በጥሬው ሆድ ስለሚያስቀይም፣ እየሠራ የሚቀምሰው ካሮት ይሁን። ለትንንሾቹ ፈቅፍቃችሁ ስጡ፣ ድፍን ቁራጭ ሊያንቃቸው ይችላል።

የኔ ምርጫ ግን ቀይ ስር ነው። ተቀቅሎ ሲበርድ ልጣጩ በእጅ እሽት ሲደረግ ይወልቃል። ከተቀቀለ ድንች ጋር ሲያማስለው ነጩ ድንች ዓይኑ እያየ ሮዝ ይሆናል። አሮጌ ቲሸርት አልብሱት፣ ቀለሙ በቀላሉ አይለቅም።

“ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ” የሚለውን ተዉት። አትክልቱን ቅጣት ያስመስለዋል። ዛሬ አንድ ጉርሻ ብቻ ከቀመሰ ይበቃል፣ በሌላ ቀን ደግማችሁ አቅርቡ።

ቃሪያና ሽንኩርቱን ግን ራሳችሁ ክተፉ። በቃሪያ እጁ ዓይኑን ካሸ ወጥ ቤት ድርሽ አይልም።