ለቻትጂፒቲ የማይተው ሥራ

አብረውኝ የሚሠሩ ወጣት ሪፖርተሮች ቻትጂፒቲ መጠቀማቸውን አልቃወምም። ረጅም መግለጫ ያሳጥርላቸዋል፣ የፊደል ግድፈት ይለቅምላቸዋል። ደግሜ ደጋግሜ የማያቸው ጥፋቶች ግን አሉ።

ከሁሉም የከፋው ሰው ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ነው። «ዜናውን አሳምርልኝ» ትሉታላችሁ። እሱም «አንድ የአካባቢው ነዋሪ እንደገለጹት» ብሎ አንቀጽ ይጨምርላችኋል። ነዋሪው ማን ናቸው? የየትኛው ቀበሌ? ማንም የለም! አንድ ልጅ አጋሮ ገበያ ውሎ ባመጣው ዜና ላይ አርሶ አደሩ «የገበያ ትስስር አለመጠናከሩ ተግዳሮት ሆኖብናል» ይላሉ። የጎማ ወረዳ ገበሬ እንዲህ ያወራል? ማስታወሻ ደብተሩን አስከፈትኩት። ሰውዬው በአፋን ኦሮሞ ያሉት «ጀንፈሉ ሳይደርቅልኝ ዝናብ መጣ፤ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ሸጥኩ» ነበር። (ጀንፈል ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና ነው።) ልጁ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሰው አናግሮ ያገኘውን ቃል በመግለጫ ቋንቋ ለወጠው። እባካችሁ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለን ቃል ማሽን አይንካው። ጥቅሱን አውጥታችሁ ቀሪውን ስጡት፤ ሲመለስ በእጃችሁ አስገቡት። ሰውዬው ነገ ዜናው ሲነበብላቸው «እኔ መቼ አልኩ?» ቢሉ መልስ የለንም። ከዚያ ወዲያ ያ ሰፈር በር አይከፍትልንም።

ቀንና ሰዓት ሳያዩ ማሳለፍ። «2016 ዓ.ም.» ስትሉት የፈረንጅ 2016 አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጀመረ ስብሰባም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል።

ስም። ስለ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲጽፍ «ገብረሥላሴ እንዳሉት» ካለ ያናገራችሁት አባቱን ሆነ ማለት ነው።

የቡና ዜና ላይ ደግሞ መለኪያውን ራሳችሁ አስሉ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የእሸት ቡና ዋጋና የጀንፈል ዋጋ አንድ ላይ ተደባልቆ የወጣ ዜና ገበሬ ያሳስታል፤ እዚህ ጅማ ደግሞ አንባቢያችን እሱ ነው።

«መረጃው ከታማኝ ምንጭ ስለሆነ ማጣራት አያስፈልግም» የሚሉም አሉ። በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ጋዜጣ ሎስ አንጀለስ ታይምስ የመሬት መንቀጥቀጥ ዜና በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራሙ ሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሬክተር ስኬል 6.8 የደረሰ መንቀጥቀጥ ዘግቦ ነበር። መንቀጥቀጡ የደረሰው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው! የድሮ መዝገብ ሲታረም መንቀጥቀጥ ከሚከታተለው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በስህተት ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ፕሮግራሙም እንዳለ አመነው። አንድ ሰው ስልክ አንስቶ ሳንታ ባርባራ ቢደውል ኖሮ በደቂቃ ይጣራ ነበር።

የመጨረሻው የጥቆማ ጉዳይ ነው። ሰው አምኖ የሰጣችሁን አቤቱታ እንዳለ ገልብጣችሁ ቻትጂፒቲ ላይ አትለጥፉ። ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የሥራ መደቡን አውጡ። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶ ደግሞ ጨርሶ አትጫኑ።