አፍ ሲቆስል ጨውና ለብ ያለ ውሃ

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና ቆሎ መቆርጠም ይበዛል። አፋችሁ ውስጥ ቁስል ካለ ግን ለጊዜው ተዉት፤ እየጫረ ያብሰዋል። በሶ በጥብጡ ወይም ቀዝቀዝ ያለ እርጎ ጠጡ። ሚጥሚጣና ሎሚም ይቆዩ።

ዋናው መላ ጓዳ ውስጥ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ ተጉመጥመጡና ትፉት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። መጀመሪያ ትንሽ ያቃጥላል፣ ቻሉት። ደረቅ ጨው ቁስሉ ላይ የሚነሰንሱ፣ በአረቄ የሚጉመጠመጡም አሉ፤ እሱ ትርፉ ስቃይ ነው። ማር ቀባ ማድረግ ያለዝበዋል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።