አባታችሁ ወይም አጎታችሁ የአየር ኃይል ራዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ? የጦርነት ዘመን ታሪካቸውን የምትፈልጉት እንዲህ ነው

በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የኦጋዴን ጦርነት ሲወራ የሚነሳው የፓይለቶቹ ስም ነው፤ ይገባቸዋልም። ጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው፣ እርሳስ ይዘው፣ ከድሬዳዋና ከጎዴ የሚመጣውን መልእክት ሲቀበሉ የኖሩት ሰዎች ግን በብዙ ቤት «አየር ኃይል ነበሩ» ተብሎ ብቻ ታልፈዋል። ይሄ ያስቆጫል። ምክንያቱም ታሪካቸው ጠፍቶ አይደለም፤ የምንፈልገው በተሳሳተ መንገድ ስለሆነ ነው። ስማቸውን ይዛችሁ ብትነሱ ብዙ አታገኙም። አውሮፕላኑን፣ ምድቡንና ቀኑን ከያዛችሁ ግን ስማቸውም ቀስ ብሎ ይመጣል።

ከቤት ጀምሩ

የድሮውን ሳጥን፣ ቁም ሳጥን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ገጾች መሃል ሳይቀር ፈትሹ። የምትፈልጉት የማዕረግ እድገት ደብዳቤ፣ የአየር ኃይል መታወቂያ፣ የኮርስ ሰርተፊኬት፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የስንብት ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር ነው። ደብዳቤ ስታገኙ ይዘቱን ብቻ አታንብቡ። ከላይ ያለውን ቁጥርና ቀን፣ ከታች «ግልባጭ» የሚለውን ዝርዝር ተመልከቱ። ግልባጩ የተላከለት ክፍል በዚያን ጊዜ የት ይሠሩ እንደነበር ይነግራችኋል፤ ሌላ ቅጂ የት ሊገኝ እንደሚችልም እንዲሁ።

ፎቶዎቹን ከአልበሙ በጥንቃቄ አውጡና ጀርባቸውን እዩ። የፎቶ ቤት ማኅተም ከተማውን ይጠቁማል። ከኋላ የቆመው አውሮፕላን፣ በጅራቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ በደረት ላይ ያለው ክንፍ፣ ሁሉም ፍንጭ ነው። በስልክ ፎቶ አንሱና አሳድጋችሁ ተመልከቱ።

ምንም ወረቀት ካልተገኘ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። በ1981 ዓ.ም. ግንቦት የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ብዙ የአየር ኃይል መኮንኖች ታስረዋል፤ የተገደሉም አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ሠራዊቱ እንዳለ ተበተነ። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ወረቀት ያቃጠለና የቀበረ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አሮጊቷን አክስት «ምን ነበራቸው?» ብላችሁ ብቻ ሳይሆን «ምን ተቃጠለ?» ብላችሁም ጠይቋቸው። የተቃጠለውን ወረቀት መልክ በደንብ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው።

ሰማይ ላይ ነበሩ ወይስ መሬት ላይ?

ይህን ሳትለዩ ወደ ፊት አትሂዱ። ኤፍ-5 ባለ አንድ መቀመጫ ተዋጊ ነው፤ ራዲዮውን የሚይዘው ራሱ ፓይለቱ ነው። «አጎቴ በኤፍ-5 ላይ ራዲዮ ኦፕሬተር ነበር» የሚል የቤተሰብ ወሬ ከሰማችሁ ምናልባት ተዋጊዎቹን ከመሬት ሆነው ያነጋግሩ ነበር ማለት ነው፤ ወይም የአውሮፕላኖቹን ራዲዮ የሚጠግኑ ቴክኒሻን ነበሩ።

በሰማይ ላይ የራዲዮ ኦፕሬተር ቦታ የነበረው በትልልቆቹ ማጓጓዣዎች ነው። በሲ-47 ዳኮታ ላይ መቀመጫው ከፓይለቶቹ በስተኋላ ነበር። በሶቪየቱ አንቶኖቭ-12 ላይም ከሁለቱ ፓይለቶች፣ ከናቪጌተሩና ከበረራ መሐንዲሱ ጋር ራዲዮ ኦፕሬተር የቡድኑ አባል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ በ1969 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ ማቅረቧን ስታቆም የሶቪየቱ የአየር ድልድይ፣ ማለትም መሣሪያ በአውሮፕላን የማመላለሱ ሥራ፣ የጀመረው በኅዳር 1970 ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአሜሪካ መሣሪያ ሲያዞር ቆይቶ ብዙም ሳይቆይ የሩሲያኛ ጽሑፍ ያለበት መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ወይም የኮርስ ደብተር ካገኛችሁ እንዳትጥሉት።

መሬት ላይ የነበሩት ደግሞ በታወር (በበረራ መቆጣጠሪያ ማማ)፣ በመገናኛ ክፍል ወይም በራዳር ጣቢያ ነው የሠሩት። ጂጂጋ አጠገብ ካራማራ ላይ ራዳር እንደነበር አስታውሱ። «ተራራ ላይ ነበርኩ፣ ብርዱ» የሚል ትዝታ ሰምታችሁ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ሰዎቹን አሁኑኑ አግኟቸው

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህን ነው። በ1970 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ አዛውንት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሊቆይ ይችላል፤ እሳቸው ግን አይጠብቁም።

ቢሾፍቱ ሄዳችሁ ከአየር ኃይል ግቢ አካባቢ የድሮ ነዋሪዎችን ጠይቁ። እድራቸውን፣ ደብራቸውን ወይም መስጊዳቸውን ጠይቁ። በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በዋሽንግተን አካባቢ የቀድሞ አባላት እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱን ካገኛችሁ እሱ አሥር ሰው ያገናኛችኋል። ስትደውሉ በማዕረጋቸው ጥሯቸው፤ «ሻምበል»፣ «ሃምሳ አለቃ» መባል ደስ ይላቸዋል። ማዕረጋቸውን ካላወቃችሁ «ጋሼ» ይበቃል። የማን ልጅ እንደሆናችሁ መጀመሪያ ተናገሩ፤ ያኔ ነው የሚከፈቱት።

«ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰፊ ጥያቄ አጭር መልስ ያመጣል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፤ የት ተማራችሁ? ሞርስ (በነጥብና በሰረዝ የሚላከውን ኮድ) ያስተማራችሁ ማን ነበር? የስንተኛ ኮርስ ናችሁ? ከማን ጋር ትበሩ ነበር? ጂጂጋ በሶማሊያ ጦር ስትያዝ የት ነበራችሁ? ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። «ይሄ እኮ እገሌ ነው» የሚል አንድ ጣት ከአንድ ፋይል ይበልጣል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ማውራት ካልፈለጉ አትጫኑ፤ ያ ዘመን በቁም ያቆሰላቸው አሉ።

ቀኑንና ሰዓቱን አስታርቁ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የቤተሰብ ትዝታ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ ሰነድ በፈረንጆቹ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ የገባው በሐምሌ 1969 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 1977። ጂጂጋ የተያዘችው በመስከረም 1970፣ ነፃ የወጣችው የካቲት 26 ቀን 1970፣ ማለትም ማርች 5 ቀን 1978። እነዚህን ሦስት ቀኖች ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ሌላውን ትዝታ ሁሉ «ከጂጂጋ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያላችሁ በእነሱ ዙሪያ ታስቀምጡታላችሁ።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። የበረራ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት ይሞላል፤ በረራ ሰዎች «ዙሉ» ይሉታል። የእኛ ሰዓት ከእሱ 3 ሰዓት ይቀድማል። 05፡30 ዙሉ የሚል ካያችሁ በአገራችን በፈረንጅ አቆጣጠር 8፡30 ነው፣ በእኛ አጠራር ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ሽማግሌው «ጠዋት ሁለት ተኩል ተነሳን» ካሉና ሰነዱ 05፡30 ካለ አልተጋጩም፤ አንድ በረራ ነው።

ደብተራቸውን ማንበብ

የራዲዮ ኦፕሬተር ደብተር ላላወቀው ሰው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይመስላል። በኪው የሚጀምሩ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ዓለም አቀፍ አጭር ኮዶች ናቸው። ኪው ቲ ኤች ያለንበት ቦታ ማለት ነው። ኪው ኤስ ኤል መልእክቱ ደርሶኛል። ኪው ቲ አር ትክክለኛ ሰዓት። ኪው ኤን ኤች የአየር ግፊት ልኬት ነው፣ ከፍታ ለማስተካከል። በኤች ኤ የሚጀምሩ ባለ አራት ፊደል ደግሞ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ማረፊያዎች ናቸው፤ ኤች ኤ ኤች ኤም ሐረር ሜዳ (ቢሾፍቱ)፣ ኤች ኤ ዲ አር ድሬዳዋ። ይህን ካወቃችሁ አንድ ተራ መስመር ከየት ወደ የት፣ በስንት ሰዓት እንደበረሩ ይነግራችኋል። መስመር በመስመር ገልብጡትና ከካርታ ጋር አስተያዩ።

መሥሪያ ቤቶቹ

የጡረታ ፋይል ትልቅ ሀብት ነው፤ የቅጥር ዘመን፣ ማዕረግና የአገልግሎት ዓመት ስለሚይዝ። ሟች ከሆኑ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋችኋል። ውጭ ያላችሁ በኤምባሲ በኩል ለቤተሰብ ውክልና ላኩ። ለአየር ኃይል ጠቅላይ መምሪያ ስትጽፉ ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ መለያ ቁጥር ካለ፣ ኮርስ፣ ምድብ፣ የምትፈልጉት አንድ ነገር።

ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ) ሄዳችሁ ከሐምሌ 1969 እስከ የካቲት 1970 ያሉትን የአዲስ ዘመን ጋዜጦች አገላብጡ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አይቀርላችሁ። ጋዜጣው ግንባሩን የሚያወራው በፕሮፓጋንዳ ቋንቋ ነው፤ ቢሆንም የሽልማትና የሹመት ዝርዝር አለው።

ከአገር ውጭ

ዘመዳችሁ በ1940ዎቹ የተማሩ ከሆነ ወደ ስዊድን ተመልከቱ። አየር ኃይሉን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ያደራጁት በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተመሩት ስዊድናውያን ናቸው፤ የጦር ሰነዶችም ስቶክሆልም በሚገኘው ወታደራዊ ቤተ መዛግብት ይቀመጣሉ። ፎን ሮዘን ራሳቸው ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ፣ በጦርነቱ መባቻ ተገድለዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኮንጎ ከዘመቱት ከሆኑ ደግሞ የተልዕኮው ሰነድ ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ መዛግብት አለ።

ለኦጋዴን ዘመን ግን እኔ የማስቀድመው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን ነው። ከ1973 እስከ 1979 (በፈረንጆቹ) ያሉ የውጭ ጉዳይ ቴሌግራሞችን በኢንተርኔት በነፃ ይከፍታል። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የላከው ሁሉ ባይለቀቅም ብዙው ይገኛል። ስትፈልጉ የዘመኑን ስም ተጠቀሙ፤ ቢሾፍቱ ሳይሆን ደብረ ዘይት። የሰው ስምም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋል፤ ጸጋዬ የሚለው ብቻ በሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ ሊመጣ ይችላል። ፈረንጆች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩት በአባት ስምም ፈልጉ።

ተማርከው ከነበረ፣ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ምርኮኞች በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ የተመለሱት በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አማካይነት ነው። ጥያቄያችሁን በአዲስ አበባ ቢሮው ወይም በጄኔቫ በኩል አቅርቡ፤ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዙ።

ያገኛችሁትን ሁሉ ስካን አድርጉ። በየፎቶው ስር የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። አንድ ቅጂ ለወመዘክር ስጡ፣ አንዱን ደግሞ ፎቶው ላይ ላሉት ለሌሎቹ ቤተሰቦች ላኩ፤ እነሱም ሳጥን አላቸው።