«የተፈጥሮ ነው» የተባለ የቦርጭ ማጥፊያ ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደምትፈትሹት

ታናሽ እህቴ ከፋሲካ በኋላ አንድ ፓኬት ሻይ ገዝታ መጣች። በቴሌግራም አዝዛ ባጃጅ ቤት ድረስ ያመጣላት ነው። ማሸጊያው አረንጓዴ ነው፤ ፊቱ ላይ ቅጠልና ወገቧ የቀጠነ ሴት ይታያሉ። ሻጩ «ንጹሕ የተፈጥሮ ነው፣ በ10 ቀን 7 ኪሎ ትቀንሻለሽ» ብሏታል። እውነትም ኪሎዋ መውረድ ጀመረ። ምግብ ግን ጭራሽ አላሰኛትም። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላት፤ አፏ ይደርቃል። አንድ ቀን ጠዋት ጣና ዳር ልንራመድ ወጣን። ገና ሩቅ ሳንሄድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው። ልቧ ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሻዩን ያኔውኑ አቆመች።

ከዚያ ወዲህ «ይሄን ብጠጣው ምን ይለኛል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ቅደም ተከተል ይሄ ነው።

1. «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል አያረጋጋችሁ

ይሄንን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ መጠኑን ይጠነቀቁ ነበር፤ ሲበዛ ሰው ይጎዳል። እንዶድም የተፈጥሮ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ፍሬ ምክንያት ነው። ቅጠልና ፍሬ አቅም አላቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ከምን ተሠራ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል አለበት? ለማን ነው?» ጭምር ነው።

2. የተገባላችሁን ቃል በስልካችሁ ካልኩሌተር አስሉት

1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በ10 ቀን 7 ኪሎ ስብ ለማጥፋት በየቀኑ ከ5,000 ካሎሪ በላይ ማጉደል ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው በቀን ይህን ያህል አይበላም፤ ያልበላውን ከየት ያጎድላል? ጤናማ የሚባለው አቀናነስ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ገደማ ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ላይ የወረደው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ውኃ ነው። ብዙ የማቅጠኛ ሻዮች ውስጥ ሰና አለ፤ ገበያ ላይ ሰናመኪ የሚባለው ነው። ሰና ሆድ ያስቀምጣል። የሚሠራው ግን ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የምግቡ ካሎሪ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ፣ ትንሹ አንጀት ላይ ወደ ሰውነት ገብቷል። የሚወጣው ውኃና ፖታሲየም ነው። ውኃው ስትጠጡ ይመለሳል። ፖታሲየም ሲያንስ ግን የልብ ምት ይዛባል፤ በተለይ ለግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ይጠንቀቅ።

3. ማሸጊያውን አዙሩና አንብቡ

የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የባች ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ እያንዳንዱ ይዘት በሚሊግራም። እነዚህን ፈልጉ። የእህቴ ፓኬት ጀርባ ላይ «የዕፅዋት ድብልቅ» ብቻ ይላል። አምራች የለውም። ቀኑን በአውራ ጣቴ ፈተግ ሳደርገው ቀለሙ ለቀቀ።

መለያው የተሟላ ቢሆንም አያልቅም፤ ትልቁ አደጋ ያልተጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት አለ። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ የመከሰት አደጋን ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካም ከአውሮፓም ገበያ ወጥቷል። ያም ሆኖ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ «የተፈጥሮ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ሻዮች፣ ቡናዎችና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ አግኝቶታል። ምልክቶቹ የአፍ መድረቅ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ፈጥኖ መምታትና የግፊት መጨመር ናቸው። አንድ ሻይ በ3 ቀን ውስጥ ምግብ ካስጠላችሁ ጠርጥሩት።

ምርቱ መመዝገቡን ለማጣራት ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ነፃ መስመር 8482 ደውሉ።

4. ስሙ የተጻፈውን አንድ በአንድ እዩት

አረንጓዴ ሻይ በስኒ ሲጠጣ ችግር የለውም። ተጨምቆ እንክብል የሆነው ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሻዩን ዋና ንጥረ ነገር በእንክብል መውሰድ ጉበት ላይ ምልክት ያሳያል። ጋርሲኒያ ከሚባል ፍሬ የሚሠራው ማቅጠኛም ጉበታቸውን የጎዳቸው ሰዎች አሉ፤ የሚቀንሰው ኪሎ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የአፕል ኮምጣጤ ያቀጥናል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2024 ብዙ የተወራለት ጥናት በ2025 ተሰርዟል። ኮምጣጤው የጥርስን ሽፋን ይበላል። አብሽና ሽፈራው ስኳር ሊያወርዱ ይችላሉ፤ የስኳር መድኃኒት ላይ ከተደረቡ ሰው ላብ አጥምቆት ሊወድቅ ይችላል። ተልባ በቂ ውኃ ከተጠጣበት ሆድ ይሞላል፣ ትንሽም ቢሆን ያግዛል። ዝንጅብልና ሎሚ ጠጡ፣ ደስ ይላል፤ ስብ ግን አያቀልጡም።

5. መድኃኒቶቻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ፋርማሲ ግቡ

በቃል ከመንገር ይሄ ይሻላል። ፓኬቱንም፣ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘርግፉት። ባለሙያው አንዱ ከሌላው ጋር ይጣላ እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ይነግራችኋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትውጡ እህቶች፣ የሚያስቀምጥ ሻይ ኪኒኑን ሳይሠራ ሊያስወጣው እንደሚችል ዕወቁ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ያለ ሐኪም አትሞክሩት።

6. ጀምራችሁ ከሆነ

አቁሙ። ማሸጊያውን አትጣሉት፣ ለሐኪሙ አሳዩት። ግፊታችሁን ተለኩ። ደረት ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

7. ብሩን ሌላ ቦታ አውሉት

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። በጾም ወጥ ላይ ስንት ማንኪያ እንደምናፈስ ቆጥረን አናውቅም፤ ለአንድ ሳምንት በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይዟል። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተጠብሶ ከሚመጣው ይልቅ በመረቅ እዘዙት። የባሕር ዳር መንገድ ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ለመንዳት እንዲህ የሚመች ከተማ ብዙ የለም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለጤና ይበቃል።

እህቴ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምስ፣ አንድ ሚዛን ላይ ብቻ ትመዘናለች። ደብተሯ ላይ በ4 ወር 5 ኪሎ ወርዷል። ጣና ዳር ስንራመድም ያቺን ድንጋይ አልፈናት እንሄዳለን።