ለጌም አርት የምትሰሩ ልጆች፣ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ሰዓታችሁን ቁጠሩ

የመጀመሪያውን የውጭ ሥራ ያገኘሁ ቀን ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። አንድ የጌም ካራክተር ነው፣ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ከሞዴሊንግ (ቅርጹን ከመስራት) እስከ ቴክስቸር (ላዩን ቀለምና ጥለት መሳል) 150 ዶላር። በብር ስመታው ብዙ መሰለኝና ወዲያው እሺ አልኩ። የእናቴን ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቼ አልጋ ላይ ዘርግቼ እያየሁ ጥለቱን ክር በክር ሳልኩት፣ ስጨርስ "በጣም ቆንጆ ነው" ተባልኩ። ከሶስት ቀን በኋላ ግን አንገቷ ይስተካከል፣ ቀሚሱም ይጠር የሚል መጣ፣ ቀሚሱ ሲያጥር ደሞ ዩቪው (ጥለቱ ቅርጹ ላይ የሚለጠፍበት ካርታ) ተበላሸና ጥለቱን እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ። በጠቅላላ 62 ሰዓት ፈጀብኝ። 150ን ለ62 ስታካፍሉት በሰዓት 2 ዶላር ከ42 ሳንቲም ነው። ማስተካከያው ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚል አንድ መስመር እንኳን ተጽፎ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ ኤክሴል ክፈቱ። ሪፈረንስ ስትሰበስቡ፣ ብሎክአውት (የመጀመሪያው ሻካራ ቅርጽ)፣ ስካልፕት (ዝርዝሩን መቅረጽ)፣ ሪቶፖ (ሞዴሉን ለጌም ማቅለል)፣ ዩቪ፣ ቤክ (ዝርዝሩን ወደ ቀለለው ሞዴል ማስተላለፍ)፣ ቴክስቸር፣ ሁሉንም ለየብቻ ስንት ሰዓት እንደወሰደ ጻፉ። ከክሊየንት ጋር የተጻጻፋችሁበትንና ሚቲንግ የጠበቃችሁበትንም ጨምሩ፣ እሱም ሥራ ነው። ሁለት ሶስት ሥራ እንዲህ ከመዘገባችሁ በኋላ አንድ ካራክተር በእጃችሁ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በደንብ ታውቃላችሁ።

ከዛ ወርሃዊ ወጪያችሁን ደምሩ፣ ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆያችሁ ዩፒኤስ፣ ለቀጣዩ ታብሌት የምታስቀምጡት። 60,000 ብር መጣ እንበል። ይሄን በወሩ ሙሉ የሥራ ሰዓት፣ በ200 ሰዓት እንዳታካፍሉት፣ ምክንያቱም ሥራ ስትፈልጉና ፖርትፎሊዮ ስትሰሩ ማንም አይከፍላችሁም፣ 100 ሰዓት ብትሉ ነው ለእውነቱ የሚቀርበው። ስለዚህ 600 ብር በሰዓት ማለት ነው፣ ያ የ62 ሰዓት ካራክተር 37,200 ብር። ይሄ ደሞ ወለሉ ነው፣ ከዚህ በታች ከወረዳችሁ ከኪሳችሁ እያወጣችሁ ነው የምትሰሩት። የውጭ ሥራ ከሆነ ዋጋውን በዶላር ጻፉት፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ተብሎ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ በብር የተስማማ ሰው ምን እንደደረሰበት ታስታውሳላችሁ። ክፍያ የምትቀበሉበትን መንገድም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሥራው አልቆ "የፔይፓል (የኦንላይን መክፈያ) አካውንትህን ላክልኝ" ሲባል ነው ችግሩ የሚጀምረው።

ኮንትራቱ ላይ ደሞ ዋናው ነገር ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ የትኛው ደረጃ መቼ እንደጸደቀ ነው። ኮንሴፕቱ (የመጀመሪያው ንድፍ) በጽሁፍ እሺ ከተባለ፣ ብሎክአውቱ እሺ ከተባለ፣ ከዛ በኋላ "ቀሚሱ ይጠር" ቢመጣ አዲስ ሥራ ነው። እኔ አሁን ሁሌ የምልካት መልእክት አለች፣ እንዳለች ውሰዷት፦ "በየደረጃው ሁለት ማስተካከያ ዋጋው ውስጥ አለ። ብሎክአውት ከጸደቀ በኋላ የቅርጽ ለውጥ ከመጣ በሰዓት ይታሰባል። ሥራ የምጀምረው 40 ከመቶው ሲገባ ነው፣ ዋናውን ፋይል የምልከው ቀሪው ሲከፈል ነው።" ደህና ክሊየንት በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ካለ ገና ሳትደክሙ አወቃችሁት። እስኪከፍሉ ድረስ ዋተርማርክ ያለበት ምስል ብቻ ላኩ። ፕሮጀክቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ እስከዛ የሰራችሁት እንደሚከፈል፣ ሥራችሁን ለኤአይ ማሰልጠኛ እንደማይጠቀሙበት፣ ጌሙ ሲወጣ ደሞ ፖርትፎሊዮ ላይ ማሳየት እንደምትችሉና ስማችሁ ክሬዲት (የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር) ላይ እንደሚገባ አጽፉ። ክሬዲት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በፈረንጆቹ 2011 ኤል ኤ ኑዋር የሚባለው ጌም ሲወጣ ከ100 በላይ የሰሩበት ሰዎች ስማቸው ክሬዲት ላይ ሳይኖር ወይም በትክክል ሳይጻፍ ቀርቷል፣ ሌላ ሥራ ሲፈልጉ ያንን ሁሉ ዓመት ምን ብለው ያሳዩ?

አርት ቴስት (ሥራ ከመስጠታቸው በፊት የሚያሠሩት ሙከራ) ከተጠየቃችሁ ከግማሽ ቀን በላይ የሚፈጅ ከሆነ ክፍያ ጠይቁ። ጌሙ ውስጥ በቀጥታ ሊገባ የሚችል ነገር በነጻ አትስሩ።

እዚህ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጥራችሁ የምትሰሩ ደሞ ሕጉ ከጎናችሁ ነው፣ ብዙ ልጆች ግን አያውቁትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ እሱም አስቸኳይ ሥራ ምናምን ሲኖር እንጂ ወር ሙሉ ልማድ ተደርጎ አይደለም። ክፍያው እስከ ማታ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዛ እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5። ደሞዛችሁ 20,000 ከሆነ ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 96 ብር ገደማ ነው፣ ጌሙ ሊወጣ ነው ተብሎ ሁለት እሁድ ሙሉ ከገባችሁ 3,077 ብር ገደማ ሊከፈላችሁ ይገባል። ፒዛ አዘውላችሁ እንዲያልፍ አትፍቀዱ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በራሳችሁ ስልክ ያዙ፣ የታዘዛችሁበትን የቴሌግራም መልእክትም አታጥፉ።

መዝገቡን እንዲህ የምደጋግመው በምክንያት ነው። በፈረንጆቹ 2004 አሜሪካ ውስጥ የአንድ የኤሌክትሮኒክ አርትስ (ትልቅ የጌም ካምፓኒ) ሠራተኛ እጮኛ፣ እሱ በሳምንት ስንት ቀን ስንት ሰዓት እንደሚሰራ ቁጭ ብላ ጻፈችው፣ ዓለም ሁሉ አነበበው። እዛው ካምፓኒ የሚሰሩ አርቲስቶችም ያልተከፈለ ኦቨርታይም ብለው ከሰው ነበር፣ በ2005 ጉዳዩ በ15.6 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ፕሮግራመሮቹ ገንዘባቸውን ያገኙት ከነሱ በኋላ ነው፣ አርቲስቶቹ ናቸው የቀደሙት።

ከካሊፎርኒያ ጋር የምትሰሩ ሚቲንጉን ተጠንቀቁ፣ እነሱ ጠዋት 4 ሰዓት (በነሱ አቆጣጠር 10 AM) ሲሉ እዚህ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው፣ በሳምንት ስንት ማታ እንደምትገኙ ቀድማችሁ ወስኑ፣ ያንንም ዋጋው ውስጥ አስገቡ። እጅ አንጓችሁ መደንዘዝ ከጀመረ ዴድላይን ነው ብላችሁ አትግፉት፣ ያው በእጃችሁ ነው የምትበሉት።

አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ ልጆች ደሞ ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ዩናይትድ ቪዲዮጌም ወርከርስ የሚባል ማህበር አለ፣ ስቱዲዮው እስኪደራጅ ሳትጠብቁ ለብቻችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ፍሪላንሰርም ከሥራ የተቀነሰም ይገባል። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር እስኪኖረን በእጃችን ያለው ዋጋችንን መነጋገር ነው። አንዱ በ700 የጠየቀውን ሌላው ሳያውቅ በ150 ሲወስደው ሁለቱም ናቸው የሚጎዱት። እኔ ልጀምር፣ ለአንድ ሙሉ ካራክተር፣ 60 ሰዓት ገደማ፣ ያለ ሪግ (ካራክተሩን የሚያንቀሳቅሰው አጥንት)፣ 700 ዶላር እጠይቃለሁ። እናንተስ?