አኖቴሽኑ ተጽፎ ሥራው ሳይሠራ ሲቀር፦ የስፕሪንግ ቡት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

አኖቴሽን (ኮድ ላይ በ@ ተጀምሮ የሚጻፍ ምልክት) እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ጃቫ 5 ከገባ ወዲህ፣ ዌብ ሰርቪስ የሚሠራ ሰው ቀድሞ በረጅም የኤክስኤምኤል ፋይል ይዘረዝረው የነበረውን በአንድ መስመር ለመግለጽ ችሏል። ይሁን እንጂ አኖቴሽን ጆንያ ላይ እንደተለጠፈ ምልክት ነው፤ የሚያነበው ከሌለ ጭነቱን የትም አያደርሰውም። ስለዚህ ችግር ሲገጥም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ምልክቱን ማን፣ መቼ እንደሚያነበው ነው። ለምሳሌነት ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ የሚደርስን ጭነት የሚመዘግብ አገልግሎት እንውሰድ።

ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ይነሣል፤ አድራሻው ግን 404 («አልተገኘም») ይመልሳል

የጃቫ ዌብ ሰርቪሶች የሚሠሩበት ማዕቀፍ የሆነው ስፕሪንግ ቡት ሲነሣ በራሱ የሚቃኘው ዋናው ክላስ ያለበትን ፓኬጅና ከሥሩ ያሉትን ብቻ ነው። ዋናው ክላስ «ድሬ.ጭነት.ማስነሻ» ውስጥ፣ ጥሪዎችን የሚቀበለው ክላስ፣ ማለትም ኮንትሮለሩ፣ ደግሞ «ድሬ.ጭነት.ምዝገባ» ውስጥ ከተቀመጡ @ሬስትኮንትሮለር የሚለውን የሚያየው የለም። ዋናውን ክላስ ወደ «ድሬ.ጭነት» ማውጣት ይበቃል። የሚቃኙትን ፓኬጆች በእጅ መዘርዘርም ይቻላል፤ ነገር ግን ሊቀነስ የታሰበውን ጽሑፍ መልሶ ማብዛት ስለሚሆን አልመክረውም።

ምዝገባው መሀል ላይ ሲከሽፍ ግማሹ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀራል

ከሁሉ አሳሳች የሆነው ይህ ነው። የጭነቱ ሰነድ ገብቶ የኮንቴይነሮቹ ዝርዝር ሲከሽፍ፣ ሜተዱ ላይ @ትራንዛክሽናል ተጽፎ እያለ ሰነዱ አይሰረዝም። ትራንዛክሽኑን (ወይ ሁሉም የሚጸና ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የሥራ ስብስብ) የሚከፍተውና የሚዘጋው ስፕሪንግ በክላሱ ፊት የሚያቆመው ፕሮክሲ (ጥሪውን ቀድሞ የሚቀበል ወኪል) ነው፤ ከሌላ ክላስ የመጣ ጥሪ በፕሮክሲው በኩል ሲያልፍ፣ በዚያው ክላስ ውስጥ አንዱ ሜተድ ሌላውን ሲጠራ ግን ፕሮክሲው ጨርሶ አያውቀውም። መፍትሔው የሚመዘግበውን ሜተድ ወደ ሌላ የሰርቪስ ክላስ ማዛወር ነው።

ከተዛወረ በኋላም ችግሩ ካልጠፋ የኤክሴፕሽኑ (ፕሮግራሙ የሚወረውረው ስህተት) ዓይነት ይታይ። ስፕሪንግ ካልተነገረው በቀር ሥራውን የሚመልሰው ለራንታይም ኤክሴፕሽንና ለኤረር ብቻ ነው፤ ለቼክድ ኤክሴፕሽን (ኮምፓይለሩ እንዲያዝ ወይም እንዲታወጅ ለሚያስገድደው) ግን ኮሚት ያደርጋል፣ ማለትም ሥራውን ያጸናዋል። ስለዚህ «ሮልባክ ፎር» በሚለው መለኪያ የኤክሴፕሽኑን ክላስ መጥቀስ ያስፈልጋል። የተወረወረውን ኤክሴፕሽን እዚያው ይዞ ሎግ ላይ ብቻ መጻፍም ያው ጉዳት አለው፤ ፕሮክሲው ሥራው በሰላም እንዳለቀ ይቆጥራል።

ከዜሮ በታች የሆነ ክብደት ያለ ተቃውሞ ይመዘገባል

የክብደቱ ፊልድ ላይ @ፖዚቲቭ ቢኖርም፣ ኮንትሮለሩ በሚቀበለው መለኪያ ላይ @ቫሊድ ከሌለ ፍተሻው አይጀመርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ወጣው ስፕሪንግ ቡት 3 በተሸጋገረ ፕሮጀክት ውስጥ ደግሞ ኢምፖርቶቹን ማየት ይገባል፤ አዲሱ እትም የሚያነበው በ«ጃካርታ» የሚጀምሩትን ስለሆነ፣ የድሮው የ«ጃቫክስ» ላይብረሪ በሌላ ጥገኝነት በኩል ከገባ ኮዱ ያለ ችግር ኮምፓይል ሆኖ ፍተሻው ዝም ይላል።

ጃቫ ከታደሰ በኋላ ሎምቦክ የሚፈጥራቸው ጌተሮች (የፊልድን ዋጋ የሚመልሱ ሜተዶች) «አልተገኙም» ይባላሉ

ከጄዲኬ (የጃቫ ማበልጸጊያ ጥቅል) 23 ጀምሮ ኮምፓይለሩ አኖቴሽን ፕሮሰሰሮችን፣ ማለትም አኖቴሽን አንብበው ኮድ የሚፈጥሩ እንደ ሎምቦክ ያሉ መሣሪያዎችን፣ ሳይታዘዝ አያስኬድም። ሎምቦክን በግንባታ መሣሪያው በሜቨን ኮምፓይለር ፕለጊን የፕሮሰሰር ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ማስገባት ያስፈልጋል።