ውሃውም አረፋ ደፈቀ! የሶዳና የአቼቶ ሙከራ ችግሮችና መፍትሄዎች

የሳይንስ ክበብ ልጆች የማይሰለቿት ሙከራ አለች። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ አቼቶ ይጨመራል። ፊኛ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ይደረጋል። ፊኛው የሃይላንዱ አፍ ላይ ይጠልቅና ቀና ይደረጋል። ሶዳው ሲወርድ አረፋው ይነሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ፊኛው ይነፋል። እስከዚህ ድረስ ትርኢት ነው። "ይህን ብንቀይር ምን ይሆናል?" ብላችሁ ስትጠይቁ ነው ሙከራ የሚሆነው። ጣጣውም የሚጀምረው ያኔ ነው። እኔ ጋ ደጋግመው የሚመጡት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

"ውሃ ያደረግንበትም አረፋ ደፈቀ"

አንድ ቡድን ሦስት ሃይላንድ ደረደረ። በአንዱ አቼቶ፣ በአንዱ የሎሚ ጭማቂ፣ በሦስተኛው ውሃ። የውሃው መቆጣጠሪያ ነው፣ ማለትም ሌሎቹን የምናነጻጽርበት፤ ምንም መሆን የለበትም። ሶዳውን ሲያራግፉበት ግን አረፋ ደፈቀ፣ ፊኛውም ቀስ እያለ ቀና አለ። ልጆቹ ተያዩ። አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ውሃውን ከሪፖርቱ እናውጣው" አለች።

ማሸጊያውን አምጡ አልኳቸው። ሱቅ የተላከው ልጅ ይዞ የመጣው ቤኪንግ ፓውደር ነበር! ባለሱቁም ልጁም አንድ መስሏቸዋል። ቤኪንግ ፓውደር ሶዳ ብቻ አይደለም። ደረቅ አሲድና ስታርች አብሮት አለ። ውሃ ሲነካው ሶዳውና አሲዱ እርስ በርስ መሥራት ይጀምራሉ። ስለዚህ በአቼቶውና በሎሚው የለኩት ጋዝም በከፊል የዱቄቱ የራሱ ነበር። ያቺ የውሃ ሃይላንድ ባትኖር ማንም አያውቅም ነበር።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቆንጠር አድርጋችሁ ንጹህ ውሃ ላይ ጣሉት። ሶዳ ከሆነ ዝም ብሎ ይሟሟል። አረፋ ከደፈቀ ወይ ዱቄቱ ፓውደር ነው፣ ወይ ዕቃው ውስጥ የቀድሞ አቼቶ ቀርቷል፤ አለቅልቃችሁ ድገሙት። የመቆጣጠሪያውን ውጤት ግን ደስ ባይልም አትሰርዙት።

"ሶዳ ብንጨምርም ፊኛው አላደገም"

ቡድኑ አቼቶውን 50 ሚሊ ሊትር ላይ አጽንቶ ሶዳውን 2፣ 4፣ 6፣ 8 ግራም እያደረገ ይጨምራል። ከ2 ወደ 4 ሲሄዱ ፊኛው ያድጋል። ከዚያ በኋላ እዚያው ነው። "ሶዳው የተበላሸ ነው" ይላሉ። ሶዳው ምንም አልሆነም፤ አሲዱ ነው ያለቀው።

ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 50 ሚሊ ሊትር አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ 2.5 ግራም ገደማ ነው። 60 ግራም አሴቲክ አሲድ የሚጨርሰው 84 ግራም ሶዳ ነው። አስሉት፤ 3.5 ግራም ይመጣል። ከዚያ በላይ የጨመራችሁት ሶዳ ሥራ ፈት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ፊኛውን አውልቁና ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉ። እንደገና አረፋ ከደፈቀ ያለቀው አሲዱ ነበር።

የሶዳውን መጠን ልታጠኑ ከሆነ ከ3.5 ግራም በታች ቆዩ፤ 1፣ 2፣ 3 በቂ ነው። ወይም አቼቶውን አብዙ፣ ግን ለሁሉም ሃይላንድ እኩል። እኔ ብሆን ግን ሶዳውንና ጋዙን በግራፍ ስትስሉ የሚወጣው ቀጥ ያለ መስመር የሚታጠፍበትን ቦታ ራሱን ጥያቄ አደርገው ነበር።

"ሦስት ጊዜ ሠራነው፣ ሦስት መልስ አገኘን"

መጀመሪያ ማንኪያውን እዩ። አንዱ ልጅ ቁልል አድርጎ ይዝቃል፣ ሌላው ጎደሎ። ሚዛን ካለ በጣም ጥሩ። ከሌለ ማንኪያውን ሞልታችሁ አፉን በቢላ ጀርባ እኩል አድርጉት። አቼቶውን በብርጭቆ አትገምቱ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ሲሪንጅ በደንብ ይለካል።

ቀጥሎ ፊኛው። አንዴ የተነፋ ፊኛ ይለሰልሳል፣ አዲሱ ደግሞ ይደርቃል። ሁሉንም አስቀድማችሁ አንድ አንድ ጊዜ ንፉና አስተንፍሱ። አንገቱ ላይ የተጣበቀ ዱቄት ካለ መታ መታ አድርጋችሁ አውርዱት። አፉ ላይ ጋዝ እንዳያመልጥ ጎማ እሰሩበት።

ፊኛ ደግሞ በዓይን አይለካም። ዙሪያውን በክር ለኩ። ዙሪያው እጥፍ ሆነ ማለት ውስጡ ያለው ጋዝ ስምንት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ ዓይን ይህን አያይም። ይህን ሁሉ አስተካክላችሁም ትንሽ ልዩነት ይኖራል። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ሠርታችሁ አማካዩን የምትወስዱት።

"የሞቀው አቼቶ ብዙ ጋዝ ሰጠ"

ሙቀት ሥራውን ያፈጥነዋል እንጂ ከ2 ግራም ሶዳ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያበዛውም። ፊኛውን የነፋው ጋዙ ራሱ ሞቆ መለጠጡ ነው። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብዙ ጋዝ ሟሙቶ ያስቀርበታል። ጥያቄያችሁ "ስንት?" ከሆነ ሁሉም ሃይላንድ እኩል እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። "በምን ያህል ፍጥነት?" ከሆነ ሰዓት ያዙ፤ ሰዓቱ የሚቆምበትን ምልክት ግን አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ለምሳሌ ፊኛው ቀጥ ብሎ ሲቆም። የሚወስነውም አንድ ሰው ይሁን።

"ሎሚው አሸነፈ፣ ግን ለምን እንደሆነ አናውቅም"

ከአቼቶ ወደ ሎሚ ሲሄዱ የፈሳሹ መጠንም አብሮ ተለውጧል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ድገሙት።

በነገራችን ላይ ሃይላንዱን በጭራሽ በክዳን አትዝጉት፤ ሊፈነዳ ይችላል። "ሌላ ነገርም እንሞክር" ብሎ በረኪና የሚያመጣ ልጅ አይጠፋም። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከክፍሉ ይውጣ፤ በረኪናው ማለቴ ነው።

"ኢንተርኔት ላይ ካለው ቁጥር ጋር አልገጠመም"

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ላይገጥም ይችላል። ከ1 ግራም ሶዳ የሚወጣው ጋዝ በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ 285 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከተማዋ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ በሩብ ገደማ ያንሳል። ያው ጋዝ እዚህ ወደ 370 ወይም 380 ሚሊ ሊትር ይለጠጣል። ከዚያ ላይ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረውን ቀንሱ። ቁጥራችሁን ለማስመሰል አትነካኩት። ሪፖርቱ ላይ ከተማውንና የክፍሉን ሙቀት ጻፉ፣ ልዩነቱንም ከነምክንያቱ።